የዋሱ ተራ

ኮምቦልቻ ውስጥ ጦርነቱ የሚጀምረው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። በር ላይ ጫማ ይወልቃል። የፈረቃ ቤቱ ወለል አቧራ አይወድምና እያንዳንዱ ፈቃደኛ ከቤቱ ያመጣውን ነጠላ ጫማ ያጠልቃል፣ የቁርስ ሳህኑን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። አምስት ሰዓት ሲሆን ይነሣና ወደ ሥራው ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ አንዷ ወደ ትምህርት ቤቷ፣ ሐያት ይመር ደግሞ ወደ ደረቅ ወደቡ፣ ከባቡር የሚራገፉ ኮንቴይነሮችን ወደምትመድብበት ቢሮ።

ስክሪኑ ዝም ብሎ አይበራም። መጀመሪያ ይጠይቃል። ድምፁ የሴት ነው፤ የወሎ ለዛ አለው፤ ስም ያውቃል።

«እንደምን አደርሽ ሐያት? ፈቃድሽ ነው?»

«ፈቃዴ ነው» ሲሉት ይበራል፤ ቆላው ከነአሸዋው ይታያል። ሳይሉት አይበራም። ሕጉ ይህ ነው። በአገሪቱ የግዳጅ ምልመላ ከቀረ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሕፃናት «ማንም ያለ ፈቃዱ አይዘምትም» የሚለውን ከፊደል ጋር አብረው ይማሩታል። የውጭ እንግዶች ሲመጡ የሚጎበኙትም ይህንኑ ጥያቄ ነው። ከወንበሮቹ ጀርባ ይቆማሉ፣ ጥያቄውን ይሰማሉ፣ መልሱን ይሰማሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ምሳቸው ይሄዳሉ።

ሐያት ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መልሳለች። መጀመሪያ የመለሰችው ለአንበጣ ነበር። በሁለት ሺህ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ሰማዩ በአንበጣ ሲጠቁር፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በዓመቷ ሄዳ ተመዘገበች። ጭልፊት የሚሏቸውን በራሪዎች ወንበሯ ላይ ሆና እየነዳች ከአፋር ጠርዝ እስከ ራያ መድኃኒት ረጨች። ቀጥሎ የጎርፍ ዘመን መጣ፤ ጭልፊቶቹ ገመድና ዳቦ አደረሱ። ባለፈው ወር ደግሞ ጦርነት ታወጀ። ጭልፊቶቹ ያው ናቸው። ወንበሩም ያው ነው። ቃላቱን እንኳን ለመለወጥ የተቸገረ ሰው የለም። ቆላውን አቋርጠው የሚሄዱ ሰዎች ሲታዩ ከስክሪኑ ግርጌ «መንጋ ታየ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ «መንጋ ተበተነ» ይላል።

ሦስት ሳምንት ሠራች። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ድምፁ እንደተለመደው ጠየቃት፤ «አይደለም» ብላ መለሰች።

በኋላ ሰዎች አንድ የሚዘገንን ነገር አይታ መሆን አለበት አሉ። አላየችም። ስክሪኑ የሚዘገንን ነገር አያሳይም፤ አቧራ ነው የሚያሳየው። ሦስት ሳምንት ስታስበው ከረመች፤ አስባ ስትጨርስ ተናገረች። ይኸው ነው።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ወንበር አለ። ከእሷ በኋላ የተጠየቁት ሁሉ «ፈቃዴ ነው» ያሉት ከወትሮው ፈጠን ብለው ነው።

የፈረቃው ኃላፊ የመቶ አለቃ ደጀኔ ወደ ወንበሯ መጣ። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ አልሞላም፤ ትሕትናው ግን የሠለጠነበት ነው። ትእዛዝ የሚባል ነገር ከሠራዊቱ መመሪያ ከወጣ ቆይቷል። መኮንኖች አያዝዙም፤ ይጠይቃሉ።

«እትዬ ሐያት፣ ካላስቸገርኩዎት ለአንድ አፍታ ወደ ቢሮ ብንገባ?»

ገቡ።

«እምቢ ማለት ይቻላል አይደል?» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«በደንብ ይቻላል። ማን ያስገድድዎታል?»

«እሺ፣ ልሂዳ።»

«ይሂዱ፤ መንገዱ ክፍት ነው። ነገና ከነገ ወዲያም ይጠየቃሉ። ሦስቴ አይደለም ካሉ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል።» አንገቱን ደፋ አደረገ። «ዋስዎን ያስታውሷቸዋል?»

ሐያት ዋሷን ረስታው ነበር። አንድ ሰው ሥራ ሲገባ ዋስ ያመጣል፤ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ያኔ የዋሱ ግዴታ ፈቃደኛው የሠለጠነበትን ዕቃ ይዞ እንዳይጠፋ ማረጋገጥ ነበር። ጦርነቱ ሲታወጅ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፦ ፈቃደኛው ፈቃዱን ቢያነሣ ዋሱ በቃሉ ይቆማል። ዋስ ደግሞ ስላልሠለጠነ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ወደ ምድር ሥራ ይሄዳል፤ ግንባር ላይ የወደቁ ጭልፊቶችን እየለቀመ ያመጣል። ከምድር ሥራ የሚመለሱ ሰዎች አሉ።

«አቶ ሸምሱ አህመዴ» አለ ደጀኔ። «ባለቤትዎ።»

«የቀድሞ።»

«ይቅርታ፣ የቀድሞ።»

የዛሬ ስድስት ዓመት ሲፋቱ አካፋዮች ቤት ድረስ መጥተው ሁሉን ነገር ለሁለት አካፍለዋል። አልጋውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሁለቱን ፍየሎች፣ የሳሎኑን መጋረጃ ሳይቀር። መጋረጃው ላይ አንድ ሰዓት ተከራክረዋል። ዋስትናውን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ሐያትም፣ ሸምሱም፣ አካፋዮቹም። ዓይን የማያየውን ነገር ማን ያካፍላል?

«በእሱ ቦታ እኔ ልሂድ» አለች። «ወደ ምድር ሥራው።»

«ፈቃድዎ ነው?»

«አይደለም። ግን እሱ ከሚሄድ እኔ እሻላለሁ።»

ደጀኔ ከልቡ ያዘነ መሰለ። «እንግዲያው አይቻልም። ያለ ፈቃዱ ማንንም አንወስድም።»

«እሱንስ?»

«እሳቸው ቃል አለባቸው።» ጥቂት አሰበና አከለበት። «ፈቃድዎ ከሆነ ደግሞ ወንበርዎ አለ። ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግዎትም።»

አመሻሹ ላይ ሽማግሌዎች መጡ። መንግሥት ማንንም አያስገድድም፤ ሽማግሌ ይልካል። በየከተማው የሽምግልና ክፍል አለ፤ ሽማግሌዎቹ ደረታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጥላሉ፣ ተራ ይወጣላቸዋል፣ ለመቆም የሚመች ጫማ ይታደላቸዋል። ወደ ሐያት የመጡት ሦስት ናቸው፤ ሼህ ሙሳ፣ ቄስ መርሻ፣ እና ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ወይዘሮ አስካለች።

«ግቡ፤ ተቀመጡ» አለቻቸው።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ ሼህ ሙሳ። «እሺ እስክትይን አንቀመጥም።»

«እሺ አልልም።»

«እንቆማለና።»

«ቁሙ።»

ሳሎኑ መሀል ቆሙ። ሐያት ማካሮኒ ጣደች። ሽንኩርት ስትከትፍ እያዩዋት ነበር። ለሦስቱም ሳህን አቀረበች፤ ልመናው ሳይሰማ አፋቸው እህል እንደማይነካ ስለምታውቅ ሳህኖቹን መልሳ አነሣችና ብቻዋን በላች።

«አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ» አሉ ወይዘሮ አስካለች። «እስቲ ንገሪኝ፤ ማን አስገድዶሽ ገባሽ?»

«ማንም።»

«እሱን ነው የምልሽ። በግዳጅ የገባ ሰው እምቢ ቢል ይገባኛል፤ አልጠየቁትም። አንቺ ግን ወደሽ ገብተሽ፣ በእግርሽ ሄደሽ፣ ራስሽ ተመዝግበሽ! ፈቃደኛ እምቢ የሚለው በምን ሒሳብ ነው?»

«ትዳርም ወድጄ ነው የገባሁት» አለች ሐያት።

ቄስ መርሻ ሳያስቡት ሳቁ። ሼህ ሙሳ በክርናቸው ጎሸሟቸው።

«ያ ሌላ ነው!» አሉ ወይዘሮ አስካለች።

«እንዴት ሌላ ነው? ወዶ የገባ ሰው ወዶ መቆየቱን በየቀኑ የምትጠይቁት ለምንድነው? መልሱ አንድ ብቻ ከሆነ አትጠይቁና።»

ሴትዮዋ ባጃቸውን አስተካከሉ። መከራከር ሥራቸው አይደለም፤ ሥራቸው መቆም ነው። ቄስ መርሻ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ ግድግዳውን ይዘዋል።

«አባ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል?»

«ጉልበቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የክፍሉ ነው ልጄ። እሑድ ብቻ ነው የሚያመኝ።»

ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። «ምን አለች?» «እምቢ።» የመጡት ቆሙ፤ የቆሙት ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ሐያት ለሁለተኛ ጊዜ «አይደለም» አለች። የዚያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ ሽማግሌዎቹ በሯ ላይ ይጠብቋታል። በዚህ ጊዜ ሸምሱን ይዘውታል። ሸምሱ ጎንበስ ብሎ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ድንጋዩ ከሽምግልና ክፍሉ የሚወጣ ነው፤ ሁሉም እኩል ይመዝናል፤ ከላይ ደግሞ መያዣ ተበጅቶለታል።

«እይኝ እስቲ!» አለ ሸምሱ ቀና ለማለት እየታገለ። «ድንጋይ ከነእጀታው! እንደ ቦርሳ!»

«አቶ ሸምሱ፣ ጎንበስ ይበሉ» አሉ ወይዘሮ አስካለች።

«ምን በድዬ ነው የምጎነበሰው? ድንጋይ የሚሸከመው የገደለ ነው። እኔ ማንን ገደልኩ?»

«ይህ የይቅርታ አይደለም፤ የልመና ነው።»

«ለልመናም ድንጋይ ይታደላል?» ድንጋዩን አውርዶ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ሐያት ሽማግሌዎቹን ውጭ እንዲቆሙ ለመነቻቸው፤ መቆም እስከሆነ ድረስ የትም ይቆማሉና ተስማሙ።

ሸምሱ ቦርከና ድልድይ አጠገብ የባጃጅ ባትሪ ይሸጣል፣ ያድሳል። ሲፋቱ ከነበረው ወፍሯል። ከሁለት ዓመት በፊት ትርንጎ የምትባል ሴት አግብቷል፤ ገና አንገቷ ያልጠና ሴት ልጅ አላቸው። ሳሎኑ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑ መጋረጃው ላይ ትንሽ ቆየ።

«አጭር ነገር ነው የምልሽ» አለ። «እሺ በያቸው።»

«አልችልም።»

«ትችያለሽ። ሁለት ቃል ነች። ወንበር አለሽ፣ ነጠላ ጫማ አለሽ፣ ቁርስ አለሽ። እኔን አሸዋ ላይ ብረት ሊያስለቅሙኝ ነው።»

«እዚያ ሰው እየሞተ ነው ሸምሱ።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

ሐያት ወንበር ሳበችለት፤ አልተቀመጠም። 

«ጦርነቱ ስሕተት ነው ብለሽ ነው?» አለ።

«ስሕተት ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አሰብኩት።»

«አሰብኩት!» ሸምሱ ወደ ጣሪያው አየ። «ሁልጊዜ አንቺ ታስቢዋለሽ፣ እኛ እንኖረዋለን። እኔ ልክ ይሁን ስሕተት አላውቅም። እውነቴን ነው፤ ልክም ሊሆን ይችላል። ባትሪ ነው የማውቀው። ስንፋታ ቃዲው ፊት ያልኩትን ታስታውሻለሽ?»

«ብዙ ነገር አልክ።»

«አንድ ነገር ነው ያልኩት። ይቺ ሴት የፈለገችውን ታደርግና ‹ተስማምተን ነው› ትላለች አልኩ። ደሴ እንግባ አልሽ፤ ገባን፤ ለሰው ሁሉ ‹ተስማምተን ነው›። ከደሴ እንውጣ አልሽ፤ ወጣን፤ ‹ተስማምተን ነው›። ከወሰድሽኝ ውሰጂኝ፤ ‹አንተም ወደህ ነው› አትበይኝ! እሱ ነው ያንገበገበኝ።»

«ዋስ ስትሆነኝ ግን ወደህ ነበር።»

«ለአንበጣ!» ብሎ ጮኸ።

«እኔም ለአንበጣ ነበር።»

ተያዩ። ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ አልሳቁም።

«ታዲያ እምቢ በል» አለችው ቀስ ብላ። «እንደ እኔ እምቢ በላቸው።»

ሸምሱ ስድብ እንደሰማ ሰው ፊቱን አኮሳተረ። «ዋስ እምቢ ይላል? ገበያው ሁሉ የቆመው ዋስ እምቢ ስለማይል ነው። ዋስ ከሸሸ በዚህ ከተማ ማን ማንን ያምናል? ከጠሩኝ እሄዳለሁ። እንዳይጠሩኝ ማድረግ ያንቺ ፋንታ ነው።»

ሲወጣ ድንጋዩን ረግጦት ሊወድቅ ነበር። ሼህ ሙሳ ደግፈው አስተካከሉት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ፈረቃ ቤቱ በር ላይ ሐያት ጫማዋን ስታወልቅ አንዲት ሴት ከፊቷ ቆመች። ትርንጎ ናት። ልጇን ደረቷ ላይ አስራለች። ከዚያ በፊት ተነጋግረው አያውቁም፤ በሩቅ ይተዋወቃሉ።

«ልለምንሽ አልመጣሁም» አለች ትርንጎ።

«እሺ።»

«ላይሽ ነው የመጣሁት። ጦርነቱን የጠላሽው አንቺ፣ የሚሄደው የኔ ባል። እንዲህ ዓይነት ጥላቻ እንዴት ደስ ይላል አቦ! እኔም ባገኘሁት።»

«የምወስደው እኔ አይደለሁም ትርንጎ።»

«አይደለሽም። ማስቀረት የምትችይው ግን አንቺ ብቻ ነሽ። እነሱን ብለምን የማገኘው ሽማግሌ ነው። አንቺ ትሰሚኛለሽ ብዬ ነበር።» የልጇን አንገት በመዳፏ ደገፈች። «እዚያ ቆላ ያሉትን ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

«ሸምሱን ታውቂዋለሽ። አምስት ዓመት አብረሽው ተኝተሻል። ለማታውቂው ብለሽ የምታውቂውን ስትሰጪ ሌሊት እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?»

ሐያት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ገባች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጥያቄውን ስትጠብቅ ትርንጎ ያለችው ትክክል መሆኑን አሰበች። ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ ነው። የሸምሱን ስም ታውቃለች፤ ሲያንኮራፋ እንዴት እንደሆነ፣ ሻይ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጨምር ታውቃለች። ስክሪኑ ላይ ያሉት ስም የላቸውም፤ መንጋ ናቸው። «ፈቃዴ ነው» ብትል አንድ ስም ያለው ሰው ይተርፋል። እምቢ ብትል ስንት ስም የሌላቸው እንደሚተርፉ ግን ማንም አይነግራትም፤ ምክንያቱም ወንበሯ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ያም ሰው «ፈቃዴ ነው» ይላል። እምቢታዋ ምናልባት ከሸምሱ በቀር ማንንም አይነካም። ይህንን አስቀድማ ታውቀው ነበር። ማወቋ ምንም አልረዳትም።

«እንደምን አደርሽ ሐያት? ፈቃድሽ ነው?»

ደጀኔ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

ውሸት መሆኑን እያወቀች «ፈቃዴ ነው» ብትል፣ ያ ቃል ተቀርጾ እንግዶች ይሰሙታል፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሸምሱን ለማዳን መግደልን ምናልባት ትችል ነበር። ወድጄ ነው ማለትን አልቻለችም።

«አይደለም።»

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው በሰው ሞልቷል። ከከተማው አርባ ዋሶች ይሄዳሉ። የአርባዎቹም ፈቃደኞች እንደ ሐያት እምቢ ያሉ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ታመዋል፣ አንዳንዶቹ ተሰድደዋል፣ አንዷ ወልዳለች። ዋስ ግን ዋስ ነው። ሹፌር የሌለው አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ በሩ ላይ ያ የለመዱት ድምፅ እያንዳንዱን ተሳፋሪ በስሙ ይጠራል፣ ይጠይቃል። «ፈቃዴ ነው» ያለ ይገባል።

ሐያት መጥታለች። የሰደባት ሰው የለም፤ ሰላም ያላትም የለም። ሰው ከአጠገቧ ስለራቀ ዙሪያዋ ክፍት ቦታ ሆኖ ቀረ። ትርንጎ ልጇን ይዛ መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ ወድዳት አይደለም፣ መናኸሪያው ውስጥ ሕፃን ይዞ ለመቆም የሚበቃ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ስለነበር ነው።

የሸምሱ ተራ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ትንሽ ቦርሳ ይዟል። በሩ ላይ ቆመ።

«እንደምን አደርክ ሸምሱ? ፈቃድህ ነው?»

«አይደለም» አለ ሸምሱ።

ደጀኔ ወደፊት መጣ።

«አቶ ሸምሱ፣ ምናልባት በደንብ አልሰሙት ይሆናል።»

«ሰምቻለሁ። ዋስ ነኝ፤ ቃሌን ጠብቄ መጥቻለሁ፤ ይኸው ቦርሳዬ። ፈቃድህ ነው ወይ ካላችሁኝ ግን አይደለም።»

«እንግዲያው...» ደጀኔ ዙሪያውን አየ። መመሪያው ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። ፈቃደኛ ፈቃዱን ሲያነሣ ምን እንደሚሆን ይላል። ዋስ ቃሉን ጠብቆ ፈቃዱን ሲነፍግ ግን ማንም አላሰበበትም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

«ወደ ቤትህ ሂድ ሸምሱ!» አለች ሐያት ጮክ ብላ። «አይነኩህም! ሊነኩህ አይችሉም!»

«አንቺ ዝም በይ!» አለ ሳይዞር። «ዋስ አይሸሽም ብዬሻለሁ። አልሸሽም። አልዋሽምም።»

ሽማግሌዎች መጡ። ሼህ ሙሳ እጁን ይዘው ለመኑት፤ ቄስ መርሻ መስቀላቸውን አውጥተው ለመኑት፤ ወይዘሮ አስካለች ሁለት ቃል ብቻ መሆኑን አስረዱት።

«ሁለት ቃል ከሆነ ምናችሁ ነው?» አለ ሸምሱ። «እናንተ ሁለት ቃል በሉኝ። ‹አስገድደንሃል› በሉኝ። አሁኑኑ እገባለሁ።»

«እኛ ማንንም አናስገድድም» አሉ ወይዘሮ አስካለች ደንግጠው።

«ልቅር?»

«መቅረትማ አይቻልም!»

«ካልተቻለ በሉኛ።»

ፀሐይ ከፍ አለች። አውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጡት ሠላሳ ዘጠኙ መስኮት ከፍተው ማዳመጥ ጀመሩ። አንድ ጊዜ የአውቶቡሱ ድምፅ በራሱ ነቅቶ «እንደምን አደርክ ሸምሱ?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ደጀኔ ለበላዮቹ ደወለ፤ ሲያናግሩት ከሕዝቡ ዞር ብሎ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«እንዲለምኗቸው ነው ያሉኝ» አለ ለሽማግሌዎቹ።

«ለምነናል» አሉ ቄስ መርሻ።

«እንደገና።»

እንደገና ለመኑት። ሸምሱ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቆመ። ከአጥሩ ባሻገር ያሉ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ትተው መጡ። ማንም አልጮኸም። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠብቅ ነበር፤ ማን እንደሚናገረው።

ደጀኔ ተጠጋ። ሸምሱ ፊት ቆመ። ቁመታቸው እኩል ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ማንም አላስተማረውም፤ እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ብቻ ነው የሚያውቀው።

«አቶ ሸምሱ» አለ በመጨረሻ፣ ከትሕትናው ሳይወጣ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ። «አስገድጄዎታለሁ።»

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን አነሣ።

«አሁን ሆነ» አለና ገባ። ድምፁ ስሙን ሊጠራ ሲጀምር ደጀኔ በሩ ላይ ያለውን ማብሪያ በእጁ አጠፋው።

ትርንጎ ከጥላው ሳትወጣ፣ ወደ ሐያት ሳትዞር፣ «ያው ሄደ አይደል?» አለች።

«ሄደ።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?»

ሐያት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከአውቶቡሱ የፊት መስኮት የአንድ አዛውንት ዋስ ራስ ብቅ አለ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል «ፈቃዴ ነው» ብሎ የገባ ሰው ነው።

«መቶ አለቃ!» አለ። «እኔንም በለኝ።»

ከኋላ ሌላ ድምፅ ተከተለ። «እኔንም።» ከዚያ ሌላ። ልመና አይመስልም፤ ቁጣም አይመስልም፤ የሚገባውን የጠየቀ ሰው ድምፅ ነው።

ደጀኔ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እሱም ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ የአውቶቡሱን ደረጃ ወጣ። ከፊተኛው ወንበር ጀመረ። የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጠየቀው፤ ሰውየው ነገረው፤ ደጀኔም ስሙን ጠርቶ ያንኑ ቃል አለው። ወደ ሁለተኛው አለፈ።

ትርንጎ ልጇን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችና፣ ደጀኔ የባሏ ወንበር ጋ ሲደርስ ለመስማት ወደ አውቶቡሱ ተጠጋች።